ኳራንቲን ምንድን ነው? ያላመመው ሰው ለምን ይለያል?

ህዳር 2018 ላይ ነው፣ ጂንካ ማርበርግ ሚባለው የቫይረስ በሽታ ገባ የተባለ ሰሞን። እኔ ምሰራው አሸዋ ሜዳ ያለች ትንሽ መድሀኒት ቤት ውስጥ ነው፣ ቡራዩ ማለት ነው ለማያውቃት፣ ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ስትወጡ። አንዲት ደንበኛችን የሆኑ እናት መጡና ሃያ ማስክ ስጪኝ አሉ። እማማ ሰርግ አለ እንዴ ስላቸው አልሳቁም። «ከአርባ ምንጭ ትናንት የገባ ሹፌር አለ እኛ ግቢ። ምንም አላመመኝም ይላል። ካላመመውማ ኳራንቲን ምን ያደርግለታል፣ ኳራንቲን ለታመመ ሰው ነው። ግን ልጄ፣ ያስገቡት!» አሉኝ።

ማስኩን እየቆጠርኩ ሳስበው ነገሩ ሁሉ የተምታታው እዚህች ጋ ነው። ኳራንቲን ለታመመ ሰው አይደለም። እንደውም በትክክል ተቃራኒው ነው፣ ላልታመመ ሰው ነው። በሽታው ካለበት ሰው ጋ ተገናኝቷል ወይም በሽታው ካለበት ቦታ መጥቷል፣ ይዞት ይሁን አይሁን ግን ገና አልታወቀም፣ እሱ እስኪታወቅ ድረስ ተለይቶ ይቆያል፣ በቃ ይሄ ነው ኳራንቲን። የታመመውን ሰው ለይቶ ማከም ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ኢዞሌሽን ይባላል። አማርኛው ላይ አንዱን ለይቶ ማቆያ ሌላውን ለይቶ ማከሚያ ብለን «ለይቶ» ሁለቱም ላይ ስላለ ነው መሰለኝ ሰው አንድ አርጎ ያያቸዋል። በኮሮና ጊዜ ወሸባ ሚሉም ነበሩ፣ እኔ እሱን ቃል ብወደውም ሰፈራችን ድረስ አልደረሰም፣ እኛ ጋ ሁሉም ኳራንቲን ነበር፣ ሆስፒታሉም ኳራንቲን፣ የታሸገው ቤትም ኳራንቲን፣ ከሚስቱ ተጣልቶ ሳሎን ሚያድረው ሰውዬ ሁሉ ኳራንቲን ገባ ይባል ነበር።

እኛ ጋ ኬላ ሚባል ሰፈር አለ አይደል፣ ታክሲ ረዳቱ ሁሌ ሚጮኸው። ኬላ ላይ መኪና ሲቆም ኮንትሮባንድ ጭኗል ተብሎ አይደለም ሚቆመው፣ ጭኖ እንደሆነ እስኪታይ ነው። ካልተገኘበት ይሄዳል፣ ማንም ሌባ ብሎ አይሰድበውም። ኳራንቲንም እንደዛ ነው፣ ልዩነቱ ሸራ ገልጦ ሚፈትሽ ሰው የለም፣ ቀን ነው ሚቆጠረው።

ስንት ቀን? እዚህ ላይ ነው ሰው ዝም ብሎ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ሚመስለው። ቃሉ ራሱ ከጣልያኖቹ አርባ ቀን ከሚለው ነው የመጣው። የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ ድሮ ራጉሳ ሚሏት የወደብ ከተማ፣ በ1377 እ.ኤ.አ ወረርሽኝ ካለበት ሚመጣ ሰው 30 ቀን ውጪ ሳይቆይ እንዳይገባ የሚል ህግ አወጣች፣ ቬኒስም ሌሎቹም ተከተሉ፣ ከዛ 30ው ወደ 40 አደገ። 40 በሳይንስ ተሰልቶ አይደለም፣ ያኔ ባክቴሪያ ሚባል ነገር ማንም አያውቅም፣ የጌታ ፆም 40 ነው፣ የኖህ ዝናብ 40 ነው። ለኛም እንግዳ ቁጥር አይደለም፣ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ነው ክርስትና ሚነሳው፣ ለሞተ ሰውም በአርባው ተዝካር ይወጣለታል።

አሁን ግን ቁጥሩ ከበሽታው ነው ሚመጣው። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ሚፈጅበት ጊዜ አለ፣ ኳራንቲን የዛን የረጅሙን ጫፍ ያህል ነው። ኮሮና እስከ 14 ቀን ነው ስለተባለ 14 ቀን ሆነ። ማርበርግ ከ2 እስከ 21 ቀን ነው፣ ኢቦላም እንደዛው፣ ስለዚህ ንክኪ ያለው ሰው 21 ቀን ክትትል ይደረግበታል። ወረርሽኙ አበቃ ለማለት ደግሞ የ21 እጥፍ፣ 42 ቀን ያለ አዲስ ታማሚ ማለፍ አለበት፣ ጂንካ ህዳር 5 የተነገረው ጥር ላይ አበቃ የተባለው በዚህ ቆጠራ ነው። ሰው ታማሚ ጠፍቷል እየተባለ ለምን አያውጁም እያለ ሲናደድ የነበረው ይቺን ሳያውቅ ነው።

አሁን ለእማማ ማስረዳት ያቃተኝን ነገር ላምጣው፣ ዋናውም እሱ ነው። ኮሮና ምልክት ሳያሳይ ይተላለፋል፣ ሰውዬው ደህና ነኝ እያለ እየሳቀ ያስይዝሀል። ማርበርግ እንደዛ አይደለም። ሰውየው ትኩሳት ጀምሮት ምልክት እስኪያሳይ ድረስ አያስተላልፍም፣ ካመመው በኋላም በደሙ በትውከቱ በተቅማጡ በላቡ፣ እንዲህ ባሉ የሰውነት ፈሳሾች ንክኪ ነው እንጂ ታክሲ ውስጥ አጠገብህ ስለተቀመጠ አይይዝህም። ስለዚህ ማርበርግ ላይ ንክኪ ያለውን ሰው በየቀኑ ሙቀቱን እየለኩ መከታተል ነው ትልቁ ስራ፣ ትኩሳት በጀመረው ቀን ወዲያው ወደ ማከሚያ ይወሰዳል። ከዛ በፊት እቃውን መነጠል ልጆቹን መከልከል ለፍርሃታችን ካልሆነ ለምንም አይጠቅምም። የኛ ሹፌር ደግሞ ንክኪ የለውም፣ ጂንካ ራሱ አልደረሰም፣ አርባ ምንጭና ጂንካ አንድ ክልል ስለሆኑ ብቻ ነው። በዚህ ሂሳብ እኮ በ1967 እ.ኤ.አ በሽታው መጀመሪያ የታየው ጀርመን ማርበርግ ከተማ ነው፣ ከኡጋንዳ ከመጡ ጦጣዎች ይዟቸው እዛ፣ ፍራንክፈርትና ቤልግሬድ ላይ ባጠቃላይ 31 ሰው ታሞ 7 ሞተ፣ ስሙም ከዛ ነው፣ እና ጀርመን ደርሶ የመጣን ሰው ሁሉ እንሽሽ?

ግን ደግሞ በሰው ፍርሃት መሳቅ አልችልም። ይሄ ከተማ ምክንያት አለው። የህዳር በሽታ ሲባል የሰማ ሁሉ ያውቃል፣ ህዳር 1911፣ ዓለምን የጨረሰው ኢንፍሉዌንዛ እኛም ጋ ደርሶ አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል፣ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የተረፉት። ህዳር 12 ሰፈር ሁሉ ቆሻሻ ሚቃጠለው ህዳር ሲታጠን ሚባለው ከዛ የቀረ ነው። እና አስቡት፣ ማርበርግ የተነገረው ህዳር 5 ነው፣ በሳምንቱ ህዳር 12 ሆነ፣ የኛ ሰፈር ጭስ በጭስ፣ የዛን ቀን ሁለት አስም ያለባቸው ልጆች እስትንፋስ አጥሯቸው ኢንሄለር ልንሰጥ ተሯሯጥን። ጭሱ የማርበርግን ቫይረስ ምንም አያደርገውም፣ አስም ግን ይቀሰቅሳል።

ፍርሃት ኳራንቲንን እንዴት እንደሚያበላሸው ግን በ2012 ነው በዓይኔ ያየሁት። መጋቢት 4 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ፣ ከመጋቢት 14 ጀምሮ ከውጪ ሚገባ ሰው በራሱ ወጪ ሆቴል 14 ቀን እንዲቆይ ተባለ፣ በኋላ ከአረብ ሀገር ለሚመለሱት ዩኒቨርስቲዎች ማቆያ ሆኑ። እኛ ያኔ ምንኖረው ሰባት አባወራ ያለበት ግቢ ነው፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ ሳሙናው በናይለን ስቶኪንግ ተቋጥሮ ቧንቧው ላይ ተንጠልጥሎ። አንዷ ተከራይ ልጇ ከጅዳ ተመለሰች፣ 14 ቀኗን ጨርሳ፣ ተመርምራ፣ ማህተም ያለበት ወረቀት ይዛ። ወረቀቱን ፌስታል ውስጥ አርጋ እንደ መታወቂያ ይዛው ነበር ምትዞረው። አከራይዋ አነበበችውና «ወረቀት ቫይረስ አያይም» አለች። ለልጅቷ ብቻ የምትሆን ቢጫ ጀሪካን ተገዛላት፣ ሽንት ቤት ስትገባ ሰው ይቆጥር ነበር፣ እናቷ እንኳን እንጀራውን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ትመለስ ነበር። የአከራይዋ ልጅ በየቀኑ መርካቶ እየሄደ የሰው መዓት እየነካ ይመለሳል፣ እሱን ማንም አልጠየቀም። ኬላውን ያለፈችውን ነው ያሰርነው።

ከዛ ምን ሆነ? ከኛ በሁለት በር ራቅ ብሎ ሚኖር ሰውዬ ሳል ጀመረው። የልጅቷን ነገር አይቷል። ስለዚህ ለማንም አልተናገረም፣ ወደ ጤና መስመሩ 8335 አልደወለም፣ ያኔ ደግሞ ስልክ በደወልክ ቁጥር ከጥሪው በፊት ስለኮሮና ሚነግርህ ድምፅ ነበር፣ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል። የስምንት ዓመት ልጁን እየላከ የሳል ሽሮፕ ያስገዛ ነበር። የሸጥኩለት እኔ ነኝ፣ ሁለት ጠርሙስ። ሦስተኛውን ሊገዛ ሲመጣ ነው ልጁን ማነው ሚያስለው ያልኩት፣ ልጁም ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ለድመቷ ነው» አለኝ። እቤት አስተምረውት ነው። ሰውየው ደግነቱ ዳነ፣ ሳምንቱን ሙሉ ግን ያንኑ ቧንቧ ሲከፍትና ሲዘጋ ነበር።

ይሄ የኛ ብቻ አመል አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ ኢቦላ ላይቤሪያ ሲገባ መንግስት ሞንሮቪያ ውስጥ ዌስት ፖይንት ሚባለውን የድሃ ሰፈር በአንድ ጠዋት በወታደር ዘጋው። ሰው በአስር ሺዎች ታጉሮ፣ ምግብ ተወደደ፣ ስራ ሚሄደው ቀረ፣ ግጭት ተነስቶ አንድ ታዳጊ ልጅ በጥይት ተመቶ ሞተ፣ በአስር ቀኑ ከፈቱት። ኳራንቲን ሚባለው ተለይቶ ሚታወቅ ንክኪ ያለውን ሰው መያዝ ነው፣ ሰፈር መቆለፍ ሲሆን ግን ሰው በሌሊት በጓሮ መውጫ ይፈልጋል። በተቃራኒው ደግሞ ማርሴይ በ1720 እ.ኤ.አ፣ ወረርሽኝ ይዛ የመጣች የንግድ መርከብ ነበረች፣ ነጋዴዎቹ ጨርቁ ለገበያ እንዲደርስላቸው ስለፈለጉ ኳራንቲኑ ላላ ተደረገላትና የከተማው ግማሽ ሚሆን ሰው አለቀ። ስለዚህ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ በደንብ ያስፈልጋል።

ግን ሚቆየው ሰው መብላት አለበት። ይሄንን ማንም ደፍሮ አይናገርም። ቡራዩ፣ ገላን፣ ሰበታ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ዳር ላይ ሚኖረው ሰው አብዛኛው የለት ጉርሱን በለቱ ሚያገኝ ነው፣ ግንበኛ፣ ተሸካሚ፣ ጉሊት ሻጭ። 21 ቀን ቁጭ በል ስትለው 21 ቀን አትብላ እያልከው ነው። በኮሮና ጊዜ አንዳንድ እድር ለዚህ ድንኳኑን ሳይሆን ገንዘቡን ያወጣ ነበር፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ስለነበር ለቅሶ ሚደርስም ስላልነበር ነው። በነገራችን ላይ ለማርበርግ እድር ከሁሉም በላይ ሊያውቀው ሚገባው ነገር አስከሬኑ ነው፣ የሞተው ሰው አካል በጣም ያስተላልፋል፣ ስለዚህ ማጠብ መገነዝ መሳም ሚባለው የለም፣ መከላከያ ልብስ የለበሱ ባለሙያዎች ናቸው ሚቀብሩት። ይሄን ለኛ ሰው መንገር እንዴት ከባድ እንደሆነ አስቡት።

ቤት ውስጥ ቆይ ለተባለ ሰው መድሀኒት ቤት መጥተው ሚጠይቁኝ ሁሌ ስለ በረኪና ነው። ጠርሙሱ ላይ 5 ፐርሰንት ከተባለ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ቀጥኖ 0.5 ፐርሰንት ይሆናል፣ ለወለል ለሽንት ቤት እጀታ እሱ ይበቃል፣ ለእጅ ግን ሳሙና ይሻላል። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል፣ ያደረ አይሰራም። ከሌላ ማፅጃ ጋር አይደባለቅም፣ ጭሱ ሰው ይጎዳል። አይጠጣም፣ ይሄን ምልበት ምክንያት አለኝ። እንደ ኮሮና ሳያሳምም ለሚተላለፈው ደግሞ ክፍሉ አንድ ከሆነ መስኮት ይከፈት፣ ሰሃንና ፎጣ ለብቻ ይሁን። ለሁሉም ግን ጠዋትና ማታ ሙቀት ይለካ፣ ትኩሳት ከመጣ በታክሲ ሳይሆን ደውሎ ነው ሚኬደው። ነጭ ሽንኩርቱን ለወጥ አድርጉት፣ በ2012 ዋጋው ጣራ የነካው በከንቱ ነው።

ወደ እማማ ልመለስ። በነጋታው ሹፌሩ ራሱ መጣ፣ ዲጂታል ቴርሞሜትር አለ ወይ አለኝ። ኧረ አንተ ንክኪ የለህም አያስፈልግህም ብዬ ላስረዳው ስጀምር አቋረጠኝ፣ «ለኔ አይደለም፣ ለሳቸው ላሳያቸው ነው» አለ። ከዛ በየጠዋቱ ወደ ስራ ከመውጣቱ በፊት በራቸው ላይ ይቆምና ብብቱ ስር አድርጎ ጢጥ እስኪል ይጠብቃል፣ ቁጥሩን ያሳያቸዋል፣ 36.4፣ 36.6። መነፅር ስለሌላቸው የልጅ ልጃቸው ነበር ምታነብላቸው። 21 ቀን ሙሉ። ሲጨርስ ቴርሞሜትሩን ለሳቸው ሰጣቸው፣ አሁን ጉንፋን በያዛቸው ቁጥር ለክተው ይመጡና ቁጥሩን ይነግሩኛል፣ ከሃያው ማስክ ግን አስራ ስምንቱን መልሼ እንድወስድላቸው እስካሁን ይጨቃጨቁኛል።