በቅርጫት ኳስ የአሰልጣኝና የዳኛ ክርክር

በቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ከዳኛ ጋር የሚያደርገው ክርክር ሕጉ ሙሉ በሙሉ ያልከለከለው፣ ግን አጥብቆ የገደበው ልማድ ነው። ሜዳው ጠባብ ስለሆነ ዳኛው በጎን መስመሩ በሮጠ ቁጥር በተጠባባቂዎች ወንበር ፊት ያልፋል፤ አሰልጣኙ የሚለውንም እየሰማ ሥራውን ይሠራል። ይህን ለአንድ ሙሉ ጨዋታ ችሎ ፊሽካውን በትክክል መንፋት ትልቅ ጽናት ይጠይቃል።

ጄምስ ናይስሚዝ ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1891 በማሳቹሴትስዋ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ሲፈጥር ባወጣቸው 13 ሕጎች ውስጥ አሰልጣኝ የሚባል ሰው አልተጠቀሰም። ዳኞች ግን ነበሩ፤ አንዱ ተጫዋቾቹን፣ ሌላው ኳሱን ይዳኛል። በአሜሪካ ኮሌጆች አሰልጣኝ በታይም አውት (ቡድን በሚጠይቀው አጭር የጨዋታ እረፍት) ጊዜ ተጫዋቾቹን እንዲያነጋግር የተፈቀደለት እ.ኤ.አ. በ1948–49 የውድድር ዘመን ነው።

የዳኛው ዋና መሣሪያ ቴክኒካል ፋውል፣ ማለትም ለመጥፎ ባሕርይ የሚሰጥ ቅጣት ነው። የአንዱን እጁን መዳፍ በሌላው ጣቶች ጫፍ ላይ አጋድሞ ያሳያል፤ ተጋጣሚው ነጻ ውርወራ ያገኛል። በአሜሪካው የፕሮፌሽናል ሊግ ኤንቢኤ ሁለተኛው ከሜዳ ያስወጣል፤ በአንድ የውድድር ዘመን 16 የደረሰበት ደግሞ አንድ ጨዋታ ይታገዳል። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊባ ሕግም በራሱ ባሕርይ ሁለት ጊዜ የተቀጣ አሰልጣኝ ይወጣል። ኳስ ቆሞ ሰዓት ሲቆም ዳኛውን በጨዋነት የመጠየቅ መብት ፊባ በግልጽ የሚሰጠው ለቡድኑ አምበል ነው።

ከሁሉም የሚታወሰው እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 1985 የሆነው ነው። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ ቦብ ናይት ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጫወቱ በተነፋ ፋውል ተቆጥቶ ተከራከረ፤ ቴክኒካልም ተሰጠበት። የፐርዱው ስቲቭ ሪድ ነጻ ውርወራውን ሊወረውር ኳስ ይዞ ቆሞ ሳለ ናይት ቀይ የፕላስቲክ ወንበር አንስቶ ወረወረ፤ ወንበሩ ከተጫዋቹ ፊት ሜዳውን አቋርጦ ተንሸራተተ። ሁለት ቴክኒካል ተጨምሮበት ወጣ፤ ኢንዲያና 72 ለ63 ተሸነፈ፤ እርሱም አንድ ጨዋታ ታገደ። ዳኞቹ ትዕግሥታቸውን ሳይለቁ ሕጉን እስከ መጨረሻው ማስፈጸማቸው ከወንበሩ ያነሰ መወራቱ ያሳዝናል።

የኤንቢኤው ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ አሰልጣኝ የነበረው ግሬግ ፖፖቪች እ.ኤ.አ. በ2019 ዴንቨር ላይ ከሜዳ የተባረረው ጨዋታው በተጀመረ በ63 ሰከንድ ነው። አሰልጣኞች ቡድናቸውን ለማነቃቃት ወይም ቀጣዩን ውሳኔ ወደራሳቸው ለመሳብ ሆን ብለው እንደሚከራከሩ ይነገራል፤ ውጤት ያመጣል ወይስ አያመጣም የሚለው ግን አከራካሪ ነው። ጥያቄ ማቅረብ ተገቢ ነው፤ ጩኸት ግን የተነፋን ፋውል አይመልስም።

ኤንቢኤ እ.ኤ.አ. በ2019–20 ለክርክሩ ሕጋዊ በር ከፈተ። አሰልጣኙ ታይም አውት ጠርቶ አመልካች ጣቱን ወደ ላይ በማዞር ቡድኑ ላይ የተነፋ ፋውል ወይም ኳስ ከሜዳ የወጣበት ውሳኔ በምስል እንዲታይ ይጠይቃል። ካልተሳካለት ታይም አውቱን ያጣል። ከ2023–24 ጀምሮ የመጀመሪያው ጥያቄ ከተሳካለት ሁለተኛ ዕድል ያገኛል።