«40 በመቶ የዝናብ ዕድል» ለብስክሌት ነጂ ምን ማለት ነው?

በሐምሌ ወር በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ብስክሌት ለመንዳት የሚያቅድ ሰው፣ ትንበያው ላይ «የዝናብ ዕድል 40 በመቶ» የሚል ሲያነብ፣ ከቀኑ 40 በመቶው ዝናባማ ይሆናል ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ግን በዚህ ቁጥር የሚገልጸው፣ በትንበያው ክልል በሚገኝ በአንድ ቦታ ላይ፣ በተጠቀሰው ጊዜ ውስጥ፣ ቢያንስ 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የመጣሉን ዕድል ብቻ ነው፤ ስለ ዝናቡ ብርታትም ሆነ ስለ ቆይታው የሚለው ነገር የለም። ካፊያውም ዶፉም እኩል ይቆጠራሉ።

አሳሳቹ ነገር በእኔ እምነት የጊዜው ርዝመት ነው። በዚያ ወቅት ነጎድጓዳማ ዝናብ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ መሬቱ ከሞቀ በኋላ፣ ከቀትር እስከ ምሽት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ለ12 ሰዓታት በጅምላ የተሰጠውን ቁጥር ትቶ የየሰዓቱን ትንበያ መመልከት ይሻላል፤ በሰሜን ቨርጂኒያ 72 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀውን፣ ቀድሞ የባቡር ሐዲድ የነበረውን የብስክሌት መንገድ ለመጨረስ ያሰበ ሰው ማለዳ መነሳቱ ይጠቅመዋል።

ነጎድጓድ ከተሰማ ግን መቶኛው ዋጋ የለውም። ሕንፃ ውስጥ ገብቶ፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የዛፍ ጥላ (ብዙዎቻችን ቀድመን የምንሮጠው ወደዚያ ቢሆንም) ከመብረቅ አያስጥልም።