ሪቡት ምንድን ነው? የድሮውንስ ያጠፋዋል?

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ውስጥ ስዕል ከማስተምራቸው ልጆች ሁለቱ ሊደባደቡ ደረሱ። የተጣሉት በስፕሊንተር ነው፤ «ኒንጃ ኤሊዎች» በሚባለው ካርቱን ውስጥ ኤሊዎቹን ድብድብ በሚያስተምራቸው አይጥ። አንደኛው «ስፕሊንተር ድሮ ሰው ነበር፤ ኋላ ነው አይጥ የሆነው» ይላል። ሌላኛው «ከመጀመሪያውም አይጥ ነው፤ ሰውየው ጌታው ነው» ይላል። ሁለቱም በዓይናቸው ያዩትን ነው የሚናገሩት። ሦስተኛው ጣልቃ ገባና «ሪቡት ተደርጓል እኮ፤ የድሮው ተሰርዟል» ብሎ ፈረደ።

ይቺ ቃል እንዲህ ስትባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ እንጃ። በዚያው ሳምንት ደግሞ አንድ ሰው ቤን ቴን ስለሚባለው ካርቱን «ቤን ቴንን ሪቡት አድርገው የግዌንን ታሪክ አበላሹት» ብሎ ረጅም ነገር ጽፎ አንብቤ ነበር፤ ግዌን የዋናው ልጅ የቤን የአጎት ልጅ ናት። እሱም ተሳስቷል፤ ያውም በሌላ በኩል። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጣቸው።

ሪቡት ማለት የታወቀን ታሪክ ከሀ ብሎ እንደገና መጀመር ነው። ስሞቹ ይቆያሉ፣ መልኩም ይመሳሰላል። ከዚያ በፊት የተተረከው ግን በአዲሱ ታሪክ ውስጥ እንደተፈጸመ አይቆጠርም። በቃ ይኸው ነው። ሰውን የሚያሳስተው ቃሉ ከኮምፒውተር መምጣቱ ይመስለኛል። ኮምፒውተር ጠፍቶ ሲነሳ ሴቭ ያላደረግከው ይጠፋል። ስለዚህ አዲስ ካርቱን ሲመጣ አሮጌው የጠፋ ይመስላል።

እኔ ለልጆቹ የምነግራቸው መንዝ ስላለው የአጎቴ ቤት ነው። ቤቱ የድንጋይ ነው፤ ክዳኑ ሳር። ከጥቂት ዓመት በፊት ልጃቸው እዚያው ግቢ ውስጥ የቆርቆሮ ቤት ሠራ። እንግዳ ሲመጣ ሁለቱንም «የጋሼ ቤት» ይላቸዋል። የድንጋዩ ቤት ግን አልፈረሰም። ብርዱ ሲጠና አጎቴ አሁንም የሚያድሩት እዚያው ነው፤ ይሞቃል። ሪቡት ይህ ነው፤ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ስም፣ ሁለተኛ ቤት።

አሁን ልጁ አዲስ ቤት መሥራቱን ትቶ የድንጋዩን ግድግዳ ነድሎ በር አወጣ እንበል። ከዚያም «ይሄ በር ድሮም ነበረ፤ እናንተ ናችሁ ያላያችሁት» አለን። ይህ ሪቡት አይደለም። ሪትኮን ይባላል። ታሪኩ ያው ታሪክ ነው፤ ያለፈው ግን አሁን በሌላ መልክ ይነገረናል። የድሮውን በእርግጥ የሚነካው ይሄኛው ነው። ሰዎች ሪቡት ላይ የሚያወርዱት ወቀሳ አብዛኛው የሪትኮን ነው።

የግዌን ነገር ይኸው ነው። ቤን ቴን በ2005 ሲጀመር ግዌን አስማት የምትማር ልጅ ነበረች። በ2008 የመጣው ተከታይ ደግሞ ኃይሏ ከሴት አያቷ የወረሰችው መሆኑን ነገረን፤ አያቷ የሌላ ዓለም ፍጡር ናቸው። ልጆቹ አድገዋል፤ ቤንም ያው ቤን ነው። ስለዚህ ታሪኩ አልተቋረጠም። ያ ጸሐፊ ቢቆጣ አልፈርድበትም። እኔም በጊዜው ከፍቶኝ ነበር፤ አስማቱ ራሱን የቻለ ውበት ነበረው። ግን የተቆጣበትን ነገር በስሙ ይጥራው። የቤን ቴን ሪቡት በ2016 የወጣው ነው። እሱ ደግሞ የግዌንን አያት በር አልነካም።

እዚህ ላይ እንደ ሰዓሊ አንድ ነገር ልጨምር። በ2012 የወጣው የቤን ቴን ተከታታይ ስዕሉ ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል። መስመሩ ሌላ፣ ፊቱ ሌላ፣ ጥላው ሌላ። ብዙ ሰው ያንን አይቶ ሪቡት ነው ይላል። አይደለም፤ የድሮው ታሪክ ቀጣይ ነው። ቤቱን ቀለም ስለቀባኸው አዲስ ቤት አይሆንም። በስዕል ብቻ መፍረድ አደገኛ ነው። ተማሪዎቼ ላይም የማየው ይህንኑ ነው፤ መስመር ሲለወጥ ሰውየው የተለወጠ ይመስላቸዋል።

ወደ ኤሊዎቹ ልመለስ። ኬቨን ኢስትማንና ፒተር ሌርድ በ1984 ሲያሳትሟቸው ጥቁርና ነጭ ኮሚክ፣ ማለትም በስዕል የሚተረክ መጽሔት፣ ነበሩ። እዚያ ስፕሊንተር ሐማቶ ዮሺ የሚባል የኒንጃ ድብድብ አዋቂ የሚያሳድገው የቤት አይጥ ነው። ጌታው ሲለማመድ ከጎጆው ሆኖ እያየ ነው የተማረው። በ1987 የወጣው ካርቱን ግን ዮሺን ራሱን አይጥ አደረገው። የ2003ቱ ወደ ኮሚኩ ተመለሰ። የ2012ቱ እንደገና ዮሺን አይጥ አደረገው። እነዚያ ሁለት ልጆች የተጣሉት አንዱ የ2003ቱን፣ ሌላው የ2012ቱን አይተው ነው።

በነገራችን ላይ ኤሊዎቹ መጀመሪያ የተለያየ የግንባር ማሰሪያ ቀለም አልነበራቸውም። የኮሚኩ ሽፋን ላይ የሁሉም ማሰሪያ ቀይ ነው። ውስጡ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የምትለያቸው በያዙት መሣሪያ ነው። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምነዘንዛቸው በዚህ ነው። ቀለሙ ሲነሳ ማን ማን እንደሆነ ካልታወቀ ስዕሉ ገና አላለቀም።

«የድሮው ተሰርዟል» ለሚለው ግን ከዚህ የተሻለ መልስ አለ። በ2009 በወጣ አንድ ፊልም የ2003ቱ ኤሊዎች ከ1987ቶቹ ጋር ይገናኛሉ። ቆይተው ደግሞ ወደ መጀመሪያዎቹ፣ ወደ ጥቁርና ነጮቹ ዘንድ ይሄዳሉ። የተሰረዘ ሰው በር ከፍቶ እንግዳ አይቀበልም። ሦስቱም ቤቶች ቆመዋል፤ በሦስቱም እሳት ይነዳል።

ኮሚኮቹስ? ክርክሩ የሚብሰው እዚህ ነው። «ኮሚኩ ከካርቱኑ ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ አንዱ ውሸት ነው» ይባላል። ከካርቱን ጋር ተያይዞ የሚወጣ ኮሚክ በአጎቴ ግቢ ያለው ማድ ቤት ነው። ግቢው አንድ ነው፤ ጭሱም ወደ ትልቁ ቤት ይገባል። የሠራው ሰው ግን ሌላ ነው፣ ልኩም ሌላ። ማድ ቤቱ ሁለት መስኮት አለው ብለህ ትልቁ ቤት ውስጥ ሁለት መስኮት አትፈልግም።

ደግሞም አንዳንዴ ቀድሞ የሚቆመው ማድ ቤቱ ነው፤ ሠራተኛ መብላት አለበት። ሂ ማን የሚባለውን የአሻንጉሊትና የካርቱን ጀግና ተመልከቱ። ትንንሾቹ ኮሚኮች በ1982 ከአሻንጉሊቶቹ ጋር አብረው ይሸጡ ነበር። ካርቱኑ የመጣው በ1983 ነው። በመጀመሪያዎቹ ኮሚኮች ሂ ማን ከጫካ የወጣ ጦረኛ ነው፤ በካርቱኑ ተለውጦ ሂ ማን የሚሆነው ልዑል አዳም እዚህ የለም። ካርቱኑን አስቀድሞ ያየ ሰው ኮሚኩ የተሳሳተ ይመስለዋል። ኮሚኩን የሠሩት ሰዎች ግን ያልተሠራ ካርቱን ሊከተሉ አይችሉም ነበር። ይህ ሥራውን ለሚያውቅ አዲስ አይደለም። ሰዓሊው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በረቂቅ ላይ ተመሥርቶ ነው። ረቂቁ በኋላ ይለወጣል፤ የእሱ ገጽ ግን ማተሚያ ቤት ገብቷል።

ኮሚክ ሲቆይ የራሱን መንገድም ሊይዝ ይችላል። በ1988 የጀመረው የኤሊዎቹ ኮሚክ መጀመሪያ የካርቱኑን ክፍሎች ይደግም ነበር። ከጥቂት እትም በኋላ ግን ካርቱኑን ትቶ የራሱን ታሪክ ቀጠለ። በ2011 የተጀመረው ሌላ ኮሚክ ደግሞ ኤሊዎቹ የዮሺ ልጆች ናቸው ይላል፤ ሞተው ዳግም የተወለዱ። እኔ ከሁሉም ይህን እወደዋለሁ። አባትና ልጅነታቸውን ከምንም በላይ ከባድ ያደርገዋል።

ሪቡትና ቀጣይ በአንድ ዓመት አብረው ሊመጡ እንደሚችሉም ይታወቅ። በ2021 ሐምሌ ላይ የሰማንያዎቹን ሂ ማን የሚቀጥል ካርቱን ወጣ። መስከረም ላይ ደግሞ ሁሉን ከሀ የጀመረ ሌላ ሂ ማን መጣ። ስሙ አንድ፣ ያሳየው ድርጅትም አንድ። ሁለቱን አምታተው የሚከራከሩ ሰዎችን አይቻለሁ፤ አንዱ በድንጋዩ ቤት ተቀምጦ ሌላው በቆርቆሮው ቤት ሆኖ ስለ አንድ ምሰሶ እንደሚጨቃጨቁ ናቸው።

የእኛ ልጆች ግን ይህን ያህል የሚምታታባቸው በራሳቸው ጥፋት አይደለም። እዚህ ካርቱን የሚገኘው በፍላሽ ነው። ሱቅ ሄደህ ታስጭናለህ። የ1987ቱ፣ የ2003ቱና የ2012ቱ «ኒንጃ ኤሊዎች» ተብለው በአንድ ፎልደር ተደባልቀው ይሰጡሃል። ልጅ ከላይ ወደ ታች ሲያያቸው አንድ ረጅም ታሪክ ይመስሉታል። ከዚያ ስፕሊንተር መሐል ላይ ይለወጥበታል። ግራ ባይገባው ነበር የሚገርመኝ።

ቅዳሜ ዕለት ያደረግነው ይኸው ነው። የአንደኛውን ልጅ ፍላሽ ሰካንና ክፍሎቹን እያየን ለየናቸው። መጀመሪያ ሦስት ፎልደር ሆኑ። ከሥር አራት ክፍል ተረፉ፤ ከሦስቱ ጋር የማይሄዱ፣ ስፕሊንተር የድብድብ ፊልም ተዋናይ የነበረበት።

«ጋሼ፣ ይሄስ የት ይግባ?»

የ2018ቱ ነው አልኩት። አራተኛ ፎልደር ከፈተለት።