ከምድር ውጭ ሕይወት ቢገኝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ከምድር ውጭ ሕይወት ተገኘ» የሚል ወሬ በየጊዜው በስልክ እየዞረ ደብረ ብርሃንም፣ መሐል ሜዳም ይደርሳል። ወሬው በመጣ ቁጥር የሚደጋገሙት ስሕተቶች ያው ናቸው። (ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«የተገኘ ዕለት ይታወጃል፤ በማግስቱ ዓለም ይለወጣል»

እስካሁን የታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1996 ከማርስ መጥቶ አንታርክቲካ ላይ በወደቀ ድንጋይ ውስጥ የረቂቅ ተሕዋስያን አሻራ አለ ተብሎ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሳይቀሩ መግለጫ ሰጡ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ምልክቶቹ ያለ ሕይወትም ሊፈጠሩ ይችላሉ ባይ ናቸው። በ1967 ደግሞ በየ1.33 ሰከንዱ የሚመታ የራዲዮ ምት ሲገኝ «ትንንሽ አረንጓዴ ሰዎች» የሚል የቀልድ ስም ወጥቶለት ነበር። በፍጥነት የሚሽከረከር የሞተ ኮከብ ሆኖ አረፈው።

የናሳ ሳይንቲስቶች በ2021 ባለ ሰባት እርከን መመዘኛ ያቀረቡት በዚህ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ምልክት ይታያል፤ ከምድር የሄደ ብክለት አለመሆኑ ይጣራል፤ ሕይወት በዚያ ቦታ ምልክቱን ሊፈጥር መቻሉ፣ ሌላ ምክንያት አለመኖሩም ይመረመራል። ሰባተኛው ላይ የሚደረሰው ሌሎች በራሳቸው መንገድ አይተው ሲያረጋግጡ ነው። የናሳ ተሽከርካሪ ሮቦት ፐርሲቪራንስ በ2024 ማርስ ላይ ያገኘው ነጠብጣባም ድንጋይ ብዙ ቢወራለትም ገና ታችኛዎቹ እርከኖች ላይ ነው። ዜናውን ስታነቡ ስንተኛው እርከን ላይ እንደደረሰ ፈልጉ።

«ውሃ ካለ ሕይወት አለ»

ከጣርማ በር ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የሚታየው ቆላ ወደ አፋር ይወርዳል። በአፋር ሰሜናዊ ጫፍ ዳሎል አለ፤ ውሃ ሞልቶበታል፣ ግን እጅግ አሲዳማና ጨዋማ ነው። በ2019 የታተመ ጥናት እጅግ አሲዳማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት አላገኘም፤ በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ጥቃቅን ተሕዋስያን አግኝቻለሁ አለ። በመኪና ተሄዶ በሚደረስበት ኩሬ ላይ እንዲህ ከተከራከሩ፣ ከቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ውቅያኖሷን በበረዶ ቅርፊት ስለሸፈነችው የሳተርን ጨረቃ ኢንሴላደስ ቸኩሎ መፍረድ አይቻልም።

«ሚቴን ወይም ኦክስጅን ከታየ አበቃ»

አንዱ ብቻውን አይበቃም። የመንዝ በግ ሲያመሰኳ ሚቴን ያወጣል፤ ትኩስ ድንጋይና ውሃ ሲገናኙም ሚቴን ይፈጠራል። ኦክስጅንም ውሃ በጨረር ተሰንጥቆ ሃይድሮጂኑ ወደ ጠፈር ሲያመልጥ ሊከማች ይችላል። ጠንካራ ፍንጭ የሚሆነው ሁለቱ አብረው ሲገኙ ነው። ኦክስጅን በሞላበት የእኛ አየር ውስጥ ሚቴን አሥር ዓመት ገደማ ነው የሚቆየው፤ ካልጠፋ የሚተካው ነገር አለ ማለት ነው።

«ባክቴሪያ ብቻ ከሆነማ ምን ይረባል?»

ከሁሉ የሚያስቆጨው ይህ ነው። እስካሁን የምናውቀው የሕይወት ዘር አንድ ብቻ ነው፤ ሰውም፣ የጓሳ ጭላዳም፣ የእንጀራ እርሾም ከአንድ ሥር የመጡ ናቸው። አንድ ምሳሌ ብቻ ይዞ ሕይወት በየቦታው የሚበቅል ይሁን የአንድ ጊዜ አጋጣሚ መለየት አይቻልም። በዚሁ በፀሐያችን ዙሪያ፣ መነሻው የተለየ አንዲት ሕዋስ ብትገኝ ግን ሕይወት በከዋክብት መካከል የተለመደ ነገር ነው ለማለት ታበቃለች።

ጣጣው «መነሻው የተለየ» የሚለው ላይ ነው። ከማርስ የተፈናጠሩ ድንጋዮች ምድር ላይ ስለሚወድቁ የማርስ ሕይወት ዘመዳችን ሊሆን ይችላል። አንዱ መለያ አሚኖ አሲድ ነው፤ እንደ ግራና ቀኝ እጅ ሁለት ቅርጽ አለው፣ የምድር ሕይወትም ፕሮቲኑን የሚሠራው በግራው ነው። በቀኙ የሚሠራ ከተገኘ ባዳ ነው። በግራው የሚሠራ ከተገኘ ክርክሩ ይቀጥላል።

ብክለትም አለ። ትናንት የተቦካበት ቡሃቃ ሳይታጠብ አዲስ ሊጥ ቢገባበት «በራሱ ቦካ» ማለት አይቻልም። ሁለቱ ቫይኪንግ መንኮራኩሮች በ1975 ወደ ማርስ ከመላካቸው በፊት የሚያርፈው ክፍላቸው በ112 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ለ30 ሰዓት ያህል የተጋገረው ለዚህ ነው።

«ምልክት ከላኩ መጥተው ይወሩናል»

ርቀቱ ይመልሳል። የጠፈር መንኮራኩሩ ቮያጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በዚህ ፍጥነት ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 8 ሰከንድ ነው። ከፀሐያችን ቀጥሎ ቅርብ የሆነው ኮከብ ያለበትን 4.2 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በ4.2 ዓመት የሚጓዘውን ርቀት) ለመሸፈን ግን ከ70,000 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ምልክት ቢመጣም በ1989 የወጣው የተመራማሪዎች መመሪያ መጀመሪያ ይረጋገጥ፣ ከዚያ በይፋ ይነገር፣ ያለ ዓለም አቀፍ ምክክር መልስ አይላክ ይላል። ሕግ ግን አይደለም፤ የሚያስገድደው የለም።

«ሃይማኖት ያከትምለታል»

ይህን የሚሉት አማኙን ሳይጠይቁ ነው። የቫቲካን የሥነ ፈለክ ተቋም ኃላፊ የነበሩት አባ ሆሴ ጋብርኤል ፉነስ በ2008 ነገሩ ከእምነት ጋር እንደማይጋጭ ተናግረዋል። ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምር ሊቅም የሰማይን ስፋት ከቴሌስኮፕ አልተማረም።

«በመንዝ ሰማይ በሰልፍ የሚሄደው ብርሃን የእነሱ ነው»

ኢንተርኔት የሚያዳርሱት የስታርሊንክ ሳተላይቶች ናቸው። በመጠቁ ሰሞን ተከታትለው ይታያሉ፤ እኛ ጋ ሲጨልም እነሱ ከፍታ ላይ ስላሉ ፀሐይ ታገኛቸዋለች። የምድር ጥላ ውስጥ ሲገቡ አንድ በአንድ ይጠፋሉ።