ዊልቸር በክሩዝ መርከብ ላይ፦ ከድሬዳዋ ለሚነሳ ተጓዥ

ድሬዳዋ ባሕር የላትም። ልጆቿ ግን በየአገሩ አሉ። ቶሮንቶ ወይም ስቶክሆልም ያለች ልጅ እናቷን ከሳቢያን ወይም ከገንደቆሬ ትጠራለች፤ እዚያ ቤት ተዘግቶ ከመዋል ይሻላል ብላም የክሩዝ መርከብ ቲኬት ትቆርጣለች። እናት ጉልበታቸው ደክሟል፣ ወይም ከስትሮክ በኋላ አንድ ጎናቸው አይታዘዝም፣ ወይም ከልጅነታቸው ጀምሮ በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ ናቸው። ቤተሰቡ የሚጽናናው «መርከቡ ላይ የሚረዳ ሰው አለ» በሚለው ቃል ነው። እውነት ነው፣ አለ። ግን የሚረዳው የት ጀምሮ የት ድረስ እንደሆነ ሳይጠየቅ የሚኬድ ጉዞ ብዙ ሰው አስለቅሷል። ይህ ጽሑፍም የሚያተኩረው እዚያ ላይ ነው።

ክሩዝ መርከብ ማለት መኝታ ቤቱን፣ ምግብ ቤቱን፣ ቲያትሩንና መዋኛውን ይዞ ከወደብ ወደብ የሚዞር ተንሳፋፊ ሆቴል ነው። ትልቅነቱ ለእኛ አገር ሰው ለመገመት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» ርዝመቱ ወደ 365 ሜትር ይጠጋል፣ 20 ፎቅም አለው። ይህን የምለው ለማስደነቅ አይደለም። ቤቷ ውስጥ ምርኩዝ ይዛ የምትንቀሳቀስ፣ ከበር እስከ ባጃጅ የምትራመድ ሴት እንኳ በእንዲህ ያለ መርከብ ከመኝታዋ እስከ ቁርስ ቤት ዊልቸር ሊያስፈልጋት ይችላል። «እኔ እራመዳለሁ፣ አታሳፍሩኝ» የሚሉ እናቶችና አባቶች ይህን ቀድመው ቢያውቁ ጥሩ ነው።

ድጋፉ በዋናነት የሁለት ቀን ነው

አብዛኞቹ የክሩዝ ኩባንያዎች የሚሰጡት የዊልቸር ድጋፍ ያለ ክፍያ ነው፤ የሚሰጠውም በተለይ መርከቡ ላይ በሚወጣበትና ከመርከቡ በሚወረድበት ቀን ነው። ወደቡ ላይ ሲደረስ የዊልቸር ድጋፍ መጠየቁን ለሠራተኛ መናገር ያስፈልጋል፤ ከዚያ ለዚሁ ወደተለየ መጠበቂያ ቦታ ይወስዷችኋል። ወረፋ አለ። አንድ ገፊ ሠራተኛ አንዱን አድርሶ ለሌላው ይመለሳል፣ ስለዚህ መጠበቅ የማይቀር ነው። ተራው ሲደርስ በፓስፖርት ማሳያው፣ በፍተሻው፣ በመሸጋገሪያው ድልድይ አሳልፎ መርከቡ ውስጥ ያደርሳል።

ከዚያስ? ከዚያ ወንበሩን ይዞ ይመለሳል።

ብዙ ቤተሰብ የሚደናገጠው እዚህ ጋ ነው። ወንበሩ የወደቡ ወይም የመርከቡ ነው፤ ቀጣዩን ሰው ሊያመጣ ይሄዳል። መርከቡ ላይ ያሉት ጥቂት ወንበሮች ለድንገተኛ ነገርና ለመሳፈሪያ የተቀመጡ እንጂ ለሳምንቱ ሙሉ ለአንድ ሰው የሚሰጡ አይደሉም። ስለዚህ በየቀኑ ዊልቸር የሚያስፈልገው ሰው የራሱን ይዞ መሄድ አለበት፣ ወይም ልጆቹ ቀደም ብለው ከአከራይ ድርጅት መከራየት አለባቸው። በትልልቆቹ የመነሻ ወደቦች ዊልቸር ወይም በባትሪ የሚሄድ ስኩተር እስከ መኝታ ክፍል የሚያደርሱ አከራዮች አሉ።

ሌላም ወሰን አለ። የመርከቡ ሠራተኛ አያለብስም፣ አያጥብም፣ ሽንት ቤት አያስገባም፣ ከወንበር ወደ አልጋ አንስቶ አያስተኛም። ይህን ማድረግ ያለበት አብሮ የሚጓዝ ሰው ነው። እኛ ቤት ይህ ነገር ጥያቄ ሆኖ አያውቅም፤ የጎረቤት ልጅ ሳይቀር ገብቶ ያግዛል። እዚያ ግን ሠራተኛው ሊረዳ ቢፈልግ እንኳ የሥራው ደንብ አይፈቅድለትም። ሁሉን ነገር በሰው እርዳታ የሚያደርግ ተጓዥ ብቻውን መሄድ የለበትም፤ ኩባንያውም አብሮ የሚሄድ ሰው ሊጠይቅ ይችላል።

የመርከብ ሐኪም ቤት አለ፣ ግን ለድንገተኛ ሕመም ነው። ኦክስጅን የሚፈልግ ሰው የራሱን ያዘጋጃል። የኩላሊት እጥበት እንደ መደበኛ አገልግሎት አይሰጥም።

ክፍሉ

ሁሉም ነገር ከመኝታ ክፍሉ ይጀምራል። የተለመደው የመርከብ ክፍል በር ጠባብ ነው፤ ከ60 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ብዙ ነው። ተራ ዊልቸር ደግሞ ከዚያ ይሰፋል። ስለዚህ ወንበሩን ያላጠፈ ሰው በሩ ላይ ይቀራል። ለአካል ጉዳተኞች የተሠሩት ክፍሎች በራቸው ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ውስጡ ወንበር የሚዞርበት ቦታ አለው፣ ሻወሩ ያለ ደፍ በዊልቸር የሚገባበት ነው፣ የሚታጠፍ መቀመጫና የእጅ መደገፊያ ብረት ተገጥሞለታል፣ ሽንት ቤቱም ከፍ ያለ ነው።

ችግሩ ቁጥራቸው ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው በሚጭን መርከብ ላይ እነዚህ ክፍሎች ጥቂት ደርዘን ብቻ ናቸው፤ ቶሎ ይያዛሉ። በዓል ሲቃረብ ወይም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። የሚሸጡትም ለሚያስፈልገው ሰው ነው፤ ኩባንያው ቅጽ አስሞልቶ ያረጋግጣል። ስለዚህ ልጅ መጀመሪያ ክፍሉን ይያዝ፣ የአውሮፕላኑ ቲኬት ከዚያ ይከተላል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ገንዘብ ይባክናል።

ከድሬ ሳይነሱ ወንበሩን በሜትር መለካት ያስፈልጋል። ስፋቱ ከአንዱ ጎማ የውጭ ጠርዝ እስከ ሌላው ነው፣ መቀመጫው ብቻ አይደለም። እኛ ጋ በብዛት የሚገኘው የሆስፒታል ዓይነት ወንበር ነው፤ ሰፊና ከባድ ነው። የሚታጠፍ ከሆነ ጥሩ። ጎማውንና ፍሬኑን ደግሞ ብስክሌት የሚጠግን ሰው ቢያየው ይመከራል፤ መርከብ ይወዛወዛል፣ የማይዝ ፍሬን ያለው ወንበር እዚያ አደጋ ነው።

ስኩተር ይዘው የሚሄዱ ሰዎች በመኝታ ክፍላቸው ውስጥ ማቆምና ማስሞላት አለባቸው። ኮሪደር ላይ ማቆም ክልክል ነው፤ እሳት ቢነሳ ሰው የሚወጣበትን መንገድ ይዘጋል።

ወደብ ላይ መውረድ

ሰው ክሩዝ የሚሄደው ከተሞቹን ለማየት ነው። ለዊልቸር ተጠቃሚ ደግሞ ከባዱ ነገር ይኸው ነው፤ ሻጮቹም ስለዚህ ነገር ብዙ አያወሩም።

መርከቡ ከወደቡ ጋር ተጠግቶ ከቆመ መውጫው መሸጋገሪያ ድልድይ ነው። የድልድዩ ቁልቁለት በባሕሩ ከፍና ዝቅ ማለት ይለዋወጣል፤ ጠዋት ለጥ ያለ የነበረው ከሰዓት ገደል ሊሆን ይችላል። ሐረር ጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ ቁልቁል ዊልቸር ገፍቶ ለሚያውቅ ሰው ስሜቱ አዲስ አይሆንበትም። ሠራተኞች ድልድዩ ላይ ይረዳሉ። ድልድዩን ጨርሰው መሬት ላይ ሲያወርዷችሁ ግን ሥራቸው አበቃ። ከተማ ውስጥ የሚገፋችሁ የለም። አስጎብኚ የሚይዝ ሰው ራምፕ (ደረጃ የሌለው መወጣጫ) ወይም ማንሻ ያለው መኪና ቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ ተራው የጉብኝት አውቶቡስ ደረጃ አለው።

መርከቡ ባሕሩ መሐል መልሕቅ ጥሎ ሰዎችን በትንንሽ ጀልባ የሚያወርድባቸው ቦታዎችም አሉ። የግሪኳ ሳንቶሪኒና የካሪቢያኗ ግራንድ ካይማን እንዲህ ናቸው። እዚህ ዊልቸር ተጠቃሚው መርከቡ ላይ ሊቀር ይችላል። ጀልባው በማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል፣ በመርከቡና በጀልባው መሐል ክፍተት አለ። አንዳንድ መርከቦች ዊልቸሩን ወደ ጀልባው የሚያስገባ ማንሻ ወይም ራምፕ አላቸው፤ ብዙዎቹ ግን ሰውየው ጥቂት እርምጃ ራሱ መራመድ ካልቻለ አይወስዱም። ባሕሩ ከተቆጣ ደግሞ የዕለቱ ኃላፊ ለሁሉም ሊከለክል ይችላል። ሳንቶሪኒ ላይ ጀልባው ካደረሰም በኋላ ከታችኛው ወደብ ወደ ከተማዋ ፊራ የሚወጣው በኬብል ካር፣ በበቅሎ ወይም ወደ 600 በሚጠጉ ደረጃዎች ነው።

በእኔ አስተያየት ጉዞ ሲመረጥ ከመርከቡ ውበት በፊት መታየት ያለበት የወደቦቹ ዝርዝር ነው። «የትኛው ወደብ ላይ መርከቡ ተጠግቶ ይቆማል፣ የትኛው ላይ በጀልባ ነው?» ይህ አንድ ጥያቄ ለአምስት ቀን መስኮት ላይ ተቀምጦ ሌሎች ሲወርዱ ከማየት ያድናል።

መርከቡ ውስጥ ኑሮው ይሻላል። አዳዲሶቹ መርከቦች ሰፋፊ ሊፍት፣ ቲያትር ውስጥ የዊልቸር ቦታ፣ አንዳንዶቹ መዋኛ ውስጥ የሚያወርድ መቀመጫ አላቸው። ሊፍቱ ግን በመሳፈሪያው ቀንና ትርዒት ሲያልቅ ይጨናነቃል። ወፍራሙ ምንጣፍ ላይ መግፋት ያደክማል። ወደ ውጭ የሚያወጡ አንዳንድ በሮች ውሃ እንዳይገባ ደፋቸው ከፍ ያለ ነው።

የአደጋ ጊዜ ልምምዱ ግን እንዳይቀር። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ ጣሊያን አጠገብ ተጋጭታ 32 ሰው ከሞተ በኋላ ደንቡ ጠብቆ፣ ልምምዱ አሁን ከመነሳት በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሱ ይደረጋል። በአደጋ ጊዜ ሊፍት ላይሠራ ይችላል። በደረጃ ማን እንደሚያወርዳችሁ፣ በምን ወንበር፣ የት እንደምትጠብቁ የመጀመሪያው ቀን ላይ ጠይቁ፤ ስማችሁም እርዳታ ከሚፈልጉት ዝርዝር ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ።

ሕጉ ምን ይላል

አብዛኞቹ ክሩዝ መርከቦች የባሃማስ፣ የፓናማ ወይም የማልታ ባንዲራ የያዙ ናቸው። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ለብዙ ጊዜ «የእናንተ ሕግ እኛን አይመለከትም» ይሉ ነበር። ይህን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ2005 የተሰጠ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ስፔክተርና ሌሎች ተሳፋሪዎች ከሂዩስተን በተነሱ ጉዞዎች ላይ አድልዎ ደርሶብናል ብለው ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይንን ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ በአሜሪካ ውሃ ውስጥ ያሉ የውጭ ባንዲራ መርከቦችንም ይመለከታል አለ፤ ከዓለም አቀፍ የባሕር ደኅንነት ደንብ ጋር የሚጋጭ ለውጥ ግን አያስገድድም።

በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1177/2010 አለ፤ ከታኅሣሥ 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። በወደብም በመርከብም ድጋፍ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል፣ ተጓዡም ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። የተለየ ክፍል ወይም የሕክምና መሣሪያ የሚያስፈልግ ከሆነ ቦታ ሲያዝ መነገር አለበት። በአጓጓዡ ወይም በወደቡ ጥፋት ዊልቸሩ ከተሰበረ የማሠሪያውን ወይም የመተኪያውን ዋጋ ይከፍላሉ። አንድ የሚያናድድ ነገር አለ፦ በተራ የመጓጓዣ መርከብ ላይ ኩባንያው «አጋዥ ሰው ካልያዝክ አትሄድም» ካለ አጋዡ በነጻ ይሄዳል፤ ክሩዝ ላይ ግን ይህ መብት የለም፣ አጋዡ ይከፍላል።

ከድሬ እስከ ወደቡ

ወደቡ ጋ ለመድረስ መጀመሪያ አውሮፕላን አለ። የአየር መንገዶች የዊልቸር ድጋፍ በሦስት ዓይነት የተከፈለ ነው፦ አንደኛው፣ ደረጃ መውጣት ለሚችል ግን ረጅም መንገድ መራመድ ለማይችል፤ ሁለተኛው፣ ደረጃ መውጣት ለማይችል፤ ሦስተኛው፣ እስከ አውሮፕላኑ መቀመጫ ድረስ መወሰድ ላለበት። ቲኬት ስትቆርጡ የሚመዘገበው ይኼ ነው።

እኛ ጋ ትልቁ ስሕተት ማሳነስ ነው። «የእናቴን እግር ትንሽ ያማቸዋል» ብለን እንናገራለን፣ ነውር ስለሚመስለን ወይም እንዳይከለክሏቸው ስለምንፈራ። ቲኬት የሚቆርጠው ሠራተኛ አንደኛውን ዓይነት ይጽፋል። አውሮፕላኑ በደረጃ የሚወጡበት ከሆነ እናት ደረጃው ሥር ይቀራሉ፣ ልጅ ይዟቸው ሊወጣ ይታገላል። በግልጽ «እናቴ ደረጃ መውጣት አይችሉም፣ ከወንበር ወደ ወንበር ሰው ይይዛቸዋል» ብሎ መናገር ክብራቸውን አይነካም። ለመርከቡ ኩባንያም ያንኑ ቃል ነው መናገር። በባትሪ የሚሠራ ወንበር ካለ የባትሪው ዓይነት ለአየር መንገዱ ቀድሞ ይነገራል።

ወንበሩን ለአውሮፕላን ከማስረከብ በፊት ፎቶ አንሱት፣ ስምና ስልክ ለጥፉበት፣ የሚነቀለውን ትራስና የእግር መርገጫ በእጅ ያዙ። የአገር ውስጡ በረራና የውጭው በተለያየ ቲኬት ከተቆረጡ ጥያቄው በሁለቱም ላይ መመዝገቡን አረጋግጡ፤ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ያለው ድጋፍ ራሱ ወደ ውጭው በረራ አይሻገርም።

የመርከቡ የመጨረሻ ቀን ሌላ ሥርዓት አለው። ሻንጣው ብዙውን ጊዜ ከዋዜማው ማታ ክፍሉ በር ላይ ይቀመጣል፣ ጠዋት ወደቡ ላይ ይገኛል፤ መድኃኒት እዚያ ውስጥ እንዳይገባ። የዊልቸር ድጋፍ የጠየቁ ሰዎች በተነገራቸው ሰዓትና ሳሎን ይሰበሰባሉ፣ እንደ መጀመሪያው ቀንም ተራ ይጠብቃሉ። በዚያ ጠዋት ማለዳ የሚነሳ አውሮፕላን መያዝ ጥሩ አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ያለውን ወይም የማግስቱን ምረጡ፣ የዊልቸሩን ጥያቄም በመልሱ ቲኬት ላይ እንደገና አስመዝግቡ።