ቻይና ምን ትፈልጋለች? ተደጋግመው የሚወሩ ስህተቶች

የቻይና ነገር ሲነሳ ሁሉም ሰው ልቧን ያነበበ ይመስለዋል። አንዱ «ዓለምን ልትውጥ ነው» ይላል። ሌላው «ንግድ እንጂ ሌላ ምን ገዷት» ይላል። ለማስረጃ የሚጠቅሷቸው ታሪኮች ግን ጠጋ ብለው ሲያዩዋቸው ብዙም አይጸኑም። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ቻይናዎች የሚያቅዱት ለመቶ ዓመት ነው»

ይህን የሚል ሰው የያኔውን የቻይና ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤን ላይን መጥቀሱ አይቀርም። በ1972 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቤጂንግ ሲሄዱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ፈረንሳይ አብዮት ተጠይቀው «ለመፍረድ ገና ነው» አሉ ይባላል። ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ለተቃረበ ነገር! በ2011 ግን የዚያ ጉብኝት አስተርጓሚ የነበሩት ዲፕሎማት ቻስ ፍሪማን ነገሩን አፍረጠረጡት። የተወራው በ1968 ፓሪስን ስላናወጠው የተማሪዎች አመጽ ነበር። አራት ዓመት ላልሞላው ነገር «ገና ነው» ማለት ምን ይገርማል?

የረጅም ጊዜ ዕቅድም ቢሆን ይስታል። የአንድ ልጅ ፖሊሲ ከ1980 ጀምሮ እስከ 2015 ዘለቀ። በ2022 የሕዝቡ ቁጥር መቀነስ ጀመረ። አሁን ያው መንግሥት «ውለዱ» እያለ ይለምናል።

«የስሪላንካን ወደብ በዕዳ ቀማች»

ይህቺ በጣም ተወዳጅ ናት፤ ግማሿ ግን ተረት ነው። የሐምባንቶታን ወደብ አጥብቃ የፈለገችው ራሷ ስሪላንካ ናት። ወደቡ አላዋጣም። በ2017 ለአንድ የቻይና መንግሥት ኩባንያ በ1.12 ቢሊዮን ዶላር ለ99 ዓመት ተከራየ። ለወደቡ ከቻይና የተበደረችው ዕዳ ግን አልተሰረዘም። ገንዘቡ የገባው የሀገሪቱን የውጭ ምንዛሪ ክምችት ለመደጎም ነው። ያን ጊዜ ስሪላንካን በዋናነት አንቆ የያዛት ከዓለም አቀፍ የቦንድ (የብድር ሰነድ) ገበያ የተበደረችው ነበር። የውጭ ዕዳ መክፈል ያቆመችውም ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2022 ነው።

ይህን ስል ቻይናን ቅድስት ላደርጋት አይደለም። 99 ዓመት ቀልድ አይደለም። በዚያው በ2022 ዩዋን ዋንግ 5 የተባለችው የሳተላይት መከታተያ መርከብ እዚያው ወደብ ስትቆም ሕንድ በጣም ተቆጥታ ነበር።

«ጦር አንስታ አታውቅም»

በ1962 ከሕንድ ጋር ተዋግታለች። በ1979 ቬትናም ገብታለች። የመጀመሪያውን የውጭ ጦር ሰፈሯን ደግሞ በ2017 ጅቡቲ ላይ ከፍታለች።

«ብዙ መርከብ ስላላት ባሕሩን ሁሉ ልትይዝ ነው»

በጦር መርከብ ቁጥር ከዓለም አንደኛ ናት፤ እውነት ነው። አውሮፕላን ተሸካሚ ከተቆጠረ ግን አሜሪካ 11 አላት፣ ቻይና 3። አቅም አንድ ነገር ነው፣ ሐሳብ ሌላ።

«መሪዎቹ የሚሉትን ማንበብ ይበቃል»

መስከረም 2015፣ ዋይት ሐውስ። ሺ ጂንፒንግ ከኦባማ ጎን ቆመው በደቡብ ቻይና ባሕር ባሉት፣ ብዙ አገሮች በሚወዛገቡባቸው የስፕራትሊ ደሴቶች ላይ ጦር የማስፈር ሐሳብ እንደሌላቸው ተናገሩ። ያን ጊዜ እዚያው ስፕራትሊ ውስጥ ፋየሪ ክሮስ በተባለው ሪፍ (የኮራል አለት) ላይ አሸዋ ተደልድሎ 3,000 ሜትር ገደማ የሚረዝም ማኮብኮቢያ ተነጥፎ ነበር። አራት ወር ሳይሞላ አውሮፕላን አረፈበት። በሐምሌ 2016 ሄግ ላይ የተሰየመው የግልግል ጉባኤ በዚህ ባሕር ክርክር በአብዛኛው ለፊሊፒንስ ፈረደ። ቤጂንግ «አልቀበልም» አለች። ማኮብኮቢያው ዛሬም እዚያው አለ።