ሳይተኙ ማደር ጥናት አይደለም

እዚህ ሀዋሳ የ12ኛ ክፍል ልጆችን ማስጠናት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ ማትሪክ በደረሰ ቁጥር ወላጆች አንድ ነገር በኩራት ይነግሩኛል፣ "ልጄ እኮ ጎበዝ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ ነው የሚያድረው።" ሰልችቶኛል። አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ትንንሾቹን ላስቀድም። ሰው የአንጎሉን 10 ፐርሰንት ብቻ ነው የሚጠቀመው የሚባለው ውሸት ነው፣ ከሰውነታችን ክብደት 2 ፐርሰንት ገደማ ሆኖ ከጉልበታችን 20 ፐርሰንት የሚሆነውን የሚበላ አካል ቁጭ ብሎ አይውልም። "ጭንቅላቴ ሞልቷል" ለምትሉኝ ደሞ አልሞላም፣ ደክሟችኋል።

"እሱ ሲፈጠርም ጭንቅላቱ ክፍት ነው፣ እኔ ቀለም አይገባኝም" የሚለው ግን ያናድደኛል። ልጆች እኩል ናቸው አልልም፣ ግን አንጎል ሲማር ራሱ ይለወጣል፣ የነርቭ ሴሎች የሚገናኙበት ሲናፕስ ይጠነክራል። ኤሪክ ካንዴል ይሄን በባህር ቀንድ አውጣ ላይ አሳይቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ኖቤል ተሸልሟል። በዛው ዓመት የወጣ ጥናት ደሞ የከተማዋን መንገድ በቃላቸው የያዙ የለንደን ታክሲ ሹፌሮች የሂፖካምፐሳቸው (ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል ነው) የኋላ ክፍል ከሌላው ሰው ተለቅ ብሎ እንደተገኘ አሳይቷል፣ ሥራው ላይ ብዙ በቆየው ደሞ ይበልጥ።

አሁን ወደ እንቅልፉ።

አንድ የማስጠናው ልጅ በቡናና በጫት አድሮ ጠዋት መጣ። የባዮሎጂ ሃንዳውቱ ከላይ እስከ ታች በሃይላይተር ቢጫ ሆኗል። ሃንዳውቱን ገልብጬ ባዶ ወረቀት ሰጠሁትና ሽንት እንዴት እንደሚሠራ ጻፍልኝ አልኩት። ኩላሊቱን ሳለ፣ ኔፍሮን ብሎ ጻፈ፣ ከዛ እስክሪብቶው ቆመ። "ቲቸር ሌሊት እኮ አውቀው ነበር" አለኝ። አልዋሸም፣ ገጹን ዓይኑ ለምዶታል፣ ግን አላወቀውም።

አዲስ የተማራችሁት ነገር መጀመሪያ የሚደገፈው ሂፖካምፐስ ላይ ነው፣ የሚረጋው ደሞ ስትተኙ። በ1994 ዊልሰንና ማክናውተን አይጦች ሲንቀሳቀሱ አብረው የሠሩ ሴሎች በኋላ አይጦቹ ሲተኙም እንደገና አብረው ሲሠሩ አይተዋል፣ አንጎል የዋለበትን ይደግመዋል ማለት ነው። ገና በ1924 ጄንኪንስና ዳለንባክ ሁለት ተማሪዎችን ትርጉም የሌላቸው ድምፆች አስጠንተው ሲፈትኗቸው፣ ተኝተው ሲነሱ ያስታወሱት ነቅተው ከቆዩበት ጊዜ ይበልጥ ነበር። ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎ እኛ እንቅልፍን ስንፍና እንላለን!

ደጋግሞ ማንበብም ያው ነው። በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ ደጋግመው ያነበቡትንና አንብበው ራሳቸውን የፈተኑትን አወዳደሩ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ያነበቡት በለጡ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት።

ስለዚህ ልጆች፣ አንድ ምዕራፍ አንብባችሁ ደብተሩን ዝጉና የምታስታውሱትን በባዶ ወረቀት ጻፉ፣ የጎደለውን ብቻ ከፍታችሁ እዩ። ነገ ድገሙት፣ ከዛ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከዛ በሳምንቱ። ከጓደኛችሁ ጋር ከገብርኤል ወደ ፍቅር ሐይቅ ስትወርዱም ምንም ሳትይዙ ተጠያየቁ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ቡና ይቅርባችሁ፣ ከጠጣችሁ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላም ካፌኑ ግማሽ ያህሉ ሰውነታችሁ ውስጥ ነው። ወላጆች ደሞ እባካችሁ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ፔርሙዝ ሙሉ ቡና አፍልታችሁ ከምትሰጡት መብራቱን አጥፉለት።